እጅጌው የቀዳው

ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ወገብ በተሠራው የነርቭ ማሳ ውስጥ ሥራ የሚጀመረው በሰላምታ ነው። አመለወርቅ ይመር ነጭ ካፖርቷን ደርባ፣ የስምንት ወር ሆዷን እያስቀደመች ገባችና ከመስተዋት ሣጥኖቹ ፊት ቆማ «እንዴት አደራችሁ?» አለች። የመለሰላት የለም። በሣጥኖቹ ውስጥ ያሉት ከሰው ቆዳ ተወስደው ወደ ነርቭነት የተለወጡ ሴሎች ናቸውና መልስ አይጠበቅባቸውም። ያም ሆኖ እነሱን ሰላም ሳይል ሥራ የጀመረ ሠራተኛ በዚያ ቤት በክፉ ዓይን ነው የሚታየው።

ከመስኮቱ ሥር እትዬ ባንቺአየሁ ስፌታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ከጣታቸው ጫፍ እስከ ትከሻቸው በስስ ብርማ ጨርቅ ተሸፍኗል። ቀጂ እጅጌ ይሉታል፤ የለበሰውን ሰው የእጅ እንቅስቃሴ እየቀዳ ወደ ሣጥኖቹ የሚልክ ልብስ ነው። እሳቸው በወስፌ ሲወጉ፣ አክርማውን ሲስቡና ሲያጠብቁ እንቅስቃሴያቸው ወደ ኤሌክትሪክ ምት ተለውጦ በነርቭ ክሮቹ ላይ ያልፋል። ማሳው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ2112 ዓ.ም. ሲከፈት ምቱን የሚሰጠው ማሽን ነበር። ማሽን ያሳደገው ነርቭ የተተከለለት ሰው ግን እጁን እንደ በር መዝጊያ ከመክፈትና ከመዝጋት አላለፈም። ስለዚህ እጇ የሚመሰገን ስፌት ሠሪ ተፈለገችና እትዬ ባንቺአየሁ ተቀጠሩ። የላቦራቶሪው መደርደሪያም በሙሉ ሞሰብና አገልግል ሆነ። አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኝ መጥቶ ሱቅ የገባ መስሎት ዋጋ ጠይቋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቃል።

የአመለወርቅ ሥራ ማብላት ነው። የደከመውን ፈሳሽ ከየሣጥኑ እየመጠጠች አዲሱን፣ ሮዝ መልክ ያለውን ታንጠባጥባለች። የምታበላው በተለይ ደጋፊ ሴሎችን ነው። እነሱ ራሳቸው ነርቭ አይደሉም፤ አያስቡም፣ አይሰሙም። መጀመሪያ በክሮቹ ዳር እየተባዙ ይሰለፋሉ። ከዚያ ብርቱካን ውስጥ የሚገኘው ቫይታሚን ሲጨመርላቸው መባዛቱን ይተዉና እያንዳንዱ አንድ ክር መርጦ ይጠመጠምበታል። የሚጠመጠሙት የስብ ሽፋን ማየሊን ይባላል፤ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ክሩን ሲያለብሰው መልእክቱ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። መልእክት የበዛበትን ክር ደግሞ አብዝተው ያለብሱታል። ሌላ ዕውቀት የላቸውም።

ሦስት ሰዓት ላይ የአመለወርቅ ስልክ ጮኸ። እንደ ወትሮው ወንድሟ ምስጋናው ነው።

«አመሌ፣ ደህና ነኝ። ልጁ ዛሬስ ረገጠ?» አለ በድምፅ መልእክቱ።

«ረግጧል፣ አንተን ነው የሚመስለው፣ እረፍት የለውም!» ብላ ላከችለት። ምስጋናው አፋር በረሃ ውስጥ፣ ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ጣቢያ ይሠራል። ከመሬት በታች ስለሚውል ስልክ አያነሳም፤ መልእክት ግን አንድም ቀን አያስቀርም። እናታቸው ከሞተች በኋላ አመለወርቅ ናት ያሳደገችው። እሷ ኮምቦልቻ ስትሠራ፣ እሱ ደሴ ሲማር፣ አራት ዓመት ያደረው ደግሞ እትዬ ባንቺአየሁ ቤት ነው።

«ምስጋናው ነው እትዬ፤ ሰላም ልበልልዎት?»

«በይልኝ» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ፣ ከስፌቱ ቀና ሳይሉ።

በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ነው ጋሽ አራጋው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እናኑ ጋር የመጡት። ጋሽ አራጋው ግንበኛ ናቸው። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ እንደገና በተወደደበት በዚህ ዘመን ስማቸው ከፍ ብሎ ሳለ ከግንብ ላይ ወድቀው በቀኝ ትከሻቸው ሥር ያለው ነርቭ ተበጠሰ። ከሃያ ቀን በፊት እዚህ ማሳ ውስጥ የበቀለ የነርቭ ድልድይ ተተክሎላቸዋል። እጃቸውም ነፍስ ዘራ። አሁን ግን ያንን እጅ እንደ ተጠርጣሪ በግራቸው አፍነው ይዘውታል።

«እጄስ ይታዘዛል» አሉ ለማሳው ኃላፊ ለዶክተር ሷሊህ። «ችግሩ ሳላዘውም ይሠራል።»

«ደረቱን ይደቃል!» አሉ ወይዘሮ እናኑ። «ቡና እየጠጣ፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ድንገት ተነስቶ ደረቱን ይደቃል። ሰው ባልሞተበት ቤት! ልጆቼ አሉ እኮ ቤት ውስጥ፣ ዶክተር። ሟርት ነው ይሄ።»

ጋሽ አራጋው እጃቸውን ለቀቁት። ለጥቂት ጊዜ ጭናቸው ላይ ተኛ። ከዚያ ጣቶቹ ተጨበጡ፤ ክንዱ ታጠፈ፤ ጡጫው ደረታቸውን መታ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቀጥሎ መዳፉ ተከፈተና ከደረታቸው ላይ እስከ ሆዳቸው ቀስ ብሎ እያሻሸ ወረደ። የጋሽ አራጋው ፊት ላይ ሐዘን አልነበረም። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ግራ ተጋብተው ያዩት ነበር።

አመለወርቅ ዶክተሩን አየቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሐሙስ እናወጣዋለን» አሉ ቶሎ ብለው።

«ካወጣችሁትስ በኋላ እጄ?»

«እንደ ቀድሞው ይሆናል።»

«ዝም ብሎ ሊንጠለጠል ማለት ነው።» ጋሽ አራጋው አንገታቸውን ደፉ። «ድንጋይ ካልጠረብኩ እኔ ምን እሠራለሁ? ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ካላወጡለት እኔ አብሬው አላድርም» አሉ ባለቤታቸው፤ እያለቀሱ ነበር።

ሰዎቹ ሲወጡ አመለወርቅ ዶክተሩን ተከትላ ሄደች። ያ ድልድይ በእጇ ያበላችው ነው፤ ስህተት ካለበት የሷም ስህተት ነው። «ሁለት ቀን አለኝ ዶክተር። ምክንያቱን ካገኘሁ ምናልባት ሳይወጣ ይስተካከላል።»

«አንቺ አትድከሚ። እንዲያውም ለምን ዕረፍት አትወጪም?»

ይህንን ሲሏት የመጀመሪያቸው አይደለም። ከእርግዝናዋ ወዲህ የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት። ወንበር ያመጡላታል፤ ምሳ ያቀርቡላታል፤ እሷ ስትገባ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ደግነቱ አንዳንዴ ያንቃት ነበር። አሁንም ዶክተሩን ጆሮ ሳትሰጣቸው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማሳው ደንብ ለእያንዳንዱ ድልድይ መንታ ይቀመጥለታል፤ በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ምት አብሮ ያደገ መጠባበቂያ ነው። አመለወርቅ የጋሽ አራጋውን መንታ አወጣች። ከጫፉ ስስ አድርጋ ቆረጠችና ስብን በሚያጠቁር ቀለም ነክራ በማይክሮስኮፕ አየችው። ክሮቹ በየጥቁር ቀለበታቸው ውስጥ ተደርድረው ታዩዋት። ቀለበቶቹ ቀጭንና ተመጣጣኝ ናቸው፤ የእትዬ ባንቺአየሁ ስፌት ነው፣ ታውቀዋለች። መሀል ላይ ግን አንድ ጭብጥ ክር ነበር፣ ቀለበቱ ከሌሎቹ አምስት እጥፍ የወፈረ። ዓይኗን አንስታ አሸችና እንደገና አየች። እንዲህ የሚያወፍረው በየቀኑ፣ ለሳምንታት፣ በኃይል የተደጋገመ ነገር ነው።

መንታውን ወስዳ ከሙከራ ክንዱ ጋር አገናኘችው። የሙከራ ክንድ ከብረት ዘንግ ላይ የሚንጠለጠል የፕላስቲክ እጅ ነው፤ አዲስ ነርቭ ሁሉ የሚፈተነው በሱ ነው። ምንም ምት አልሰጠችውም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ብርቱካን እየላጠች ጠበቀች።

ብርቱካኑን ሳትጨርስ ጣቶቹ ተጨበጡ። ክንዱ ታጠፈና ባዶውን አየር መታ፣ ሦስት ጊዜ፣ ደረት ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ። ከዚያ መዳፉ ተከፈተና የሌለውን ሰው ከላይ ወደ ታች እያሻሸ ወረደ። አመለወርቅ መቼ እንደተነሳች አታውቅም፤ ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው ራሷን ያገኘችው። ፈራች። የፈራችው ክንዱ ስለተንቀሳቀሰ አይደለም፤ የክንድ ብልሽት በየጊዜው አይታለች። ይህ ግን ብልሽት አይመስልም። በስንት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ያየችው፣ ሰው የሞተበት ሰው እጅ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የቀጂ እጅጌውን መዝገብ ከፈተች። እጅጌው የቀዳውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ያስቀምጣል፤ ስፌቱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ግን መዝገቡን ገልጦ የሚያይ አልነበረም። እስከ ኅዳር አሥራ ሰባት ድረስ ስፌት ብቻ ነው። ከኅዳር አሥራ ስምንት ጀምሮ ግን በየቀኑ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ድረስ ስፌቱ ይቆምና ያ ነገር ይመጣል፤ ሦስት ምት፣ አንድ ማሻሸት፣ ደግሞ ሦስት ምት። አራት ተኩል ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስፌቱ ይቀጥላል። እጅጌውን ለማውለቅና መልሶ ለማልበስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እትዬ ባንቺአየሁ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ልቅሷቸውን ከነእጅጌው ነበር የሚያለቅሱት፤ ስፌት ብቻ የሚቀዳ መስሏቸው ይሆናል።

በዚያ ሰዓት እኔ የት ነበርኩ ብላ አሰበች። መልሱ ቀላል ነው። በየቀኑ ከአራት እስከ አራት ተኩል ሙቀት ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ ጨቅላ ሴሎችን ታበላለች።

አንድ ቀን ብቻ መዝገቡ ንጹሕ ነበር፣ ታኅሣሥ ሁለት። የዚያን ዕለት ሙቀት ክፍሉ ታጥቦ ስለነበር አመለወርቅ ጠዋቱን ሙሉ ከእትዬ ባንቺአየሁ አጠገብ ተቀምጣ ስታወራ ነበር የዋለችው።

ምስኪኗ ሴትዮ ሰው ሞቶባቸዋል፤ እርጉዟን እንዳያስደነግጡ ብለው ይህን ሁሉ ጊዜ ደብቀዋታል። እርጉዝ ፊት ክፉ ወሬ አይወራም፤ ይህን ማን ያጣዋል። ለቅሶ ሳትደርሳቸው ስድስት ሳምንት አጠገባቸው እየሳቀች መዋሏ አሳፈራት። ምሳ ሰዓት እስኪደርስና እጅጌው ተወልቆ ከመስቀያው ላይ እስኪሰቀል ጠበቀች። ከዚያ ሄዳ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?»

እትዬ ባንቺአየሁ ወስፌውን ጣሉት። «እኔ? ማንም ልጄ፣ ማንም አልሞተብኝም።»

«አይደብቁኝ። እጅጌው ቀድቶታል። ጋሽ አራጋው ላይ የገባው የእርስዎ ልቅሶ ነው።» እጃቸውን ያዘችላቸው። «ሰውዬው ነገ እጃቸውን ሊያጡ ነው፣ እትዬ። ሟርት መስሏቸው ነው። የማን ሐዘን እንደሆነ ከነገርናቸው ምናልባት አይፈሩትም።»

እትዬ ባንቺአየሁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ዓይናቸው ሞላ። አመለወርቅ አዘነችላቸው። አብዝታ እንዳስጨነቀቻቸው ገባትና ነገሩን ለማለዘብ ፈለገች።

«በቃ ይተዉት፣ ሲመችዎት ይነግሩኛል። ምስጋናው እንኳ ዛሬ ጠዋት ሰላም ብሎዎታል።»

የእትዬ ባንቺአየሁ ቀኝ እጅ ከጭናቸው ላይ ተነሳ። ተጨበጠና ደረታቸውን መታ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መዳፉ ተከፈተና እያሻሸ ወረደ። ሁለቱም አዩት። እትዬ ባንቺአየሁ በግራ እጃቸው ለቀም አደረጉት፣ እንግዳ ፊት የቤት ገመና ያወጣን ልጅ አፍ እንደሚይዙ።

አመለወርቅ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«እሱ ነው?» አለች። «ምስጋናው ነው?»

እትዬ ባንቺአየሁ ወለሉ ላይ ወርደው ጉልበቷን አቀፉ። «ኅዳር አሥራ ሰባት ነው፣ ልጄ። የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈንድቶ። ማታ ነው የሰማነው። እስክትወልጂ ብለን ነው... አጎትሽ ናቸው እስክትወልድ ያሉት።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ያናገረኝ ማነው?»

«ድምፀ ወራሽ ነው የሚሉት...»

አመለወርቅ ታውቀዋለች። የሞተን ሰው ድምፅ ከድሮ መልእክቶቹ ተምሮ በሱ አንደበት የሚናገር ፕሮግራም ነው፤ ሽማግሌዎች የቀብር ቀን የሟችን ስንብት የሚያሰሙበት። ለዚህ ይውላል ብላ አላሰበችም። «ባሌም ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ዶክተሩም?»

«ሁላችንም እናውቃለን፣ አመሌ። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ለማሽን ሳቀች፤ ለማሽን «ውሃ በደንብ ጠጣ፣ በረሃ ነው» ብላ መከረች። ሊያጽናናት የተዘረጋውን እጅ ሁሉ መንከስ አማራት። ከዚያ ንዴቱ አለቀና ከሥሩ ያለው ወጣ። የጮኸችው ጩኸት ሙቀት ክፍል ድረስ ተሰማ።

ሐሙስ ጠዋት ዘመዶቿ ማታውኑ ከተተከለው የለቅሶ ድንኳን አትወጪም ቢሏት አልሰማችም። ጥቁር ለብሳ ወደ ማሳው ሄደች። ጋሽ አራጋው የቀዶ ጥገና ልብስ ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ እናኑ ከእግራቸው ሥር ናቸው። ዶክተር ሷሊህ አመለወርቅን ሲያዩ ጥግ ይዘው ቆሙ፤ ዓይኗን ማየት አልቻሉም።

«ጋሽ አራጋው፣ እርስዎ ቤት ሟርት አልገባም» አለች። «የሚያለቅሰው ለእኔ ወንድም ነው። ነርቩን ያሰለጠኑት ሴት እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። እኔ እንዳልሰማ በሌለሁበት ሲያለቅሱ ልብሱ ቀዳው። ያበላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ማየሊኑ አንዴ ከወፈረ አይሳሳም፣ ልዋሽዎት አልችልም። ድልድዩ ካልወጣ ዕድሜ ልክ አብሮዎት ይኖራል።»

ጋሽ አራጋው እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ መዳፉንም ጀርባውንም። «ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ስድስት።»

«ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ባለቤታቸውን አዩ።

ወይዘሮ እናኑ የአመለወርቅን ጥቁር ልብስ፣ ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ የባላቸውን እጅ አዩ። እስከ ዛሬ የጠሉት እጅ ነው። ቀስ ብለው ተነሱና በሁለት እጃቸው ያዙት። «ባለቤት ያለው ሐዘን ከሆነማ ሟርት አይደለም» አሉ። «ልብስህን ልበስ፣ አራጋው። ለቅሶ እንደርሳለን።»

ቅዳሜ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አመለወርቅ ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ድምፅዋ ተዘግቷል። ደረቷን ስትደቃ የእትዬ ባንቺአየሁን አደቃቅ ይዛ እንደቀረች ራሷን ታዘበች፤ ሦስት ምት፣ ከዚያ ማሻሸት። ጋሽ አራጋው ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ እናኑም የሴቶች ቦታ በወዲያ ነው ሳይሉ አጠገባቸው ናቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ድምፀ ወራሹን ማጥፋት ማንም አላስታወሰም።

«አመሌ፣ ደህና ነኝ። ልጁ ዛሬስ ረገጠ?»

አጎቷ ስልኩን ሊነጥቋት ተንጠራሩ፤ በእጇ ከለከለቻቸው። ድምፁ የሱ ነበር፤ ትንፋሹ ሳይቀር። ማሽኑ ምስጋናውን አያውቀውም። ሣጥን ውስጥ ያሉት ሴሎችም አያውቁትም። ማሽኑ ሰዎች በል ያሉትን አለ፤ ሴሎቹ ሰዎች ያደረጉትን ያዙ። እውነቱን የነገሯት እነዚያ አፍ የሌላቸው፣ ለስድስት ሳምንት ያበላቻቸው ናቸው።

ከወንዶቹ በኩል የጋሽ አራጋው እጅ ተነሳ። ሦስት ጊዜ ደረታቸውን መታና እያሻሸ ወረደ። ወይዘሮ እናኑ አልሸሹትም።

ያኔ ልጁ ረገጠ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አመለወርቅ አራተኛውን ጠበቀች፤ እረፍት የሌለው ልጅ ነው፣ በሦስት አቁሞ አያውቅም። አራተኛው አልመጣም። በምትኩ ከጎድን አጥንቷ ሥር ጀምሮ አንድ ነገር ቀስ ብሎ እያሻሸ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት።

ስምንተኛ ወሩ ነው። የልጁ ክሮች አሁን፣ በዚህ ድንኳን ውስጥ፣ በዚህ ሦስት ቀን ሳይቀር እየተጠመጠሙ ነው፤ የምታበላውም እሷው ናት። ጠምጣሚዎቹ ክፉና ደግ አይለዩም። የበዛውን ነው የሚያለብሱት።

ደረቷ ላይ የነበረውን እጇን አወረደችና ሆዷ ላይ አሳረፈችው።

«እንዴት አደርክ?» አለችው በተዘጋ ድምፅዋ። ሰዎቹ ዞረው አዩዋት። ግድ አልሰጣትም። «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርክ?» እያለች ደጋገመችለት።